ውጣ ሲሉት የማይወጣ እንግዳ፦ የማስታወቂያ ፕሮግራሞችን ከቤት ኮምፒዩተር የማስወገድ ታሪክ

ስለ ኮምፒዩተር ሕመም ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ በቅድሚያ የሚያመራው ወደ ቫይረስ ነው። ቫይረስ እንደ ሌባ ነው፤ ተደብቆ ይገባል፣ በተያዘ ጊዜም ጠበቃ የሚቆምለት አይኖርም። በተለምዶ አድዌር እየተባለ የሚጠራው የማስታወቂያ ፕሮግራም ግን አገባቡም ሆነ አኗኗሩ ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ብዙውን ጊዜ በቀን ብርሃን፣ በፊት ለፊት በር፣ የቤቱ ባለቤት ራሱ «እስማማለሁ» የሚለውን ምልክት ነክቶለት የሚገባ እንግዳ ነው። ከገባ በኋላ ግን በየደቂቃው የማስታወቂያ መስኮት እየከፈተ ሥራ ያስፈታል፤ የባለቤቱን ውሎ እየመዘገበ ለሌላ ያቀብላል፤ ውጣ ሲባልም «ተፈቅዶልኝ ነው የገባሁት» ብሎ ይሟገታል።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን እንግዳ ለማስወጣት የተደረገው ትግል በአብዛኛው የሚታወቀው በጥገና ባለሙያዎች ዘንድ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከጥገና ያለፈ ጥያቄ ያዘለ ነው፤ ይኸውም በአንድ መሣሪያ ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው፣ መሣሪያውን የገዛው ሰው ወይስ ፕሮግራም የጫነበት ኩባንያ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ጥያቄ በየዘመኑ እንዴት እንደተነሣና ምን መልስ እንዳገኘ ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መስኮቱ እንዴት ተከፈተ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አመጣጡን መመርመር ይገባል። ኦክቶበር 27 ቀን 1994 ሆትዋየርድ የተባለው የኢንተርኔት መጽሔት በገጾቹ ላይ የድርጅቶችን ማስታወቂያ ማውጣት ጀመረ። ከነዚህም አንዱ የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ ማስታወቂያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት የሚመራበት ልማድ ተተከለ፤ አንባቢው ገንዘብ ሳይከፍል ያነባል፣ ወጪውን አስተዋዋቂው ይሸፍናል።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1995፣ የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ የነበሩት ብሬንደን አይክ ጃቫስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የመጀመሪያ ቅርጽ በ10 ቀናት ውስጥ አዘጋጁ። የዚህ ቋንቋ ጥቅም ቀድሞ እንደታተመ ወረቀት ዝም ብሎ የሚታየውን ገጽ ለተጠቃሚው ምላሽ የሚሰጥ ማድረጉ ነበር። ከትእዛዞቹ መካከል አንዱ አዲስ መስኮት የሚከፍት ነው። ትእዛዙ በራሱ ጉዳት የሌለበትና ለብዙ መልካም አገልግሎት የሚውል ቢሆንም፣ ጥቂት ቆይቶ ማንም ላላሰበው ተግባር ዋለ።

ትራይፖድ የተባለው ድርጅት በዚያን ጊዜ ለማንኛውም ሰው የግል ገጽ መሥሪያ ቦታ በነጻ ይሰጥ ነበር። ሰዎች በየገጾቻቸው የሚጽፉት የተለያየ በመሆኑ፣ አንድ የመኪና አምራች ማስታወቂያው ለስሙ ከማይስማማ ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን ቢወጣ ቅር ተሰኘ። የድርጅቱ ባልደረባ ኢታን ዙከርማን ለዚህ መፍትሔ ሲፈልጉ፣ ማስታወቂያው ከገጹ ተለይቶ በራሱ መስኮት እንዲከፈት የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፉ። በኋላ ፖፕ-አፕ የተባለው ብቅ ባይ መስኮት አንዱ መነሻው ይህ ነው። ዙከርማን በ2014 አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ስለ ሥራቸው ሕዝብን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ አሳባቸው ክፉ እንዳልነበረም ገልጸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ፖፕ-አፕ የሚመነጨው ከሚነበበው ገጽ ነው፤ ገጹ ሲዘጋ ምንጩ ይደርቃል። ስለዚህም መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ሞዚላ በ2002፣ ፋየርፎክስ በኖቬምበር 2004፣ የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በኦገስት 2004 በወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ ማሻሻያ አማካይነት፣ ያልተጠየቀ መስኮት እንዳይከፈት የሚከለክል መሣሪያ በውስጣቸው አካተቱ። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ በር ሲዘጋ አስተዋዋቂው አስቀድሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነበር።

ከገጹ ወደ ማሽኑ

በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙ ትናንሽ ፕሮግራም ሠሪዎች ሥራቸውን በነጻ ያድሉ ስለነበር፣ የድካማቸውን ዋጋ የሚያገኙበት መንገድ ይሹ ነበር። ኦሬት የተባለ ኩባንያ ይህን ፍላጎት ተመልክቶ፣ በፕሮግራሞቻቸው ላይ ተደርቦ የሚጫንና ማስታወቂያ የሚያሳይ ክፍል አቀረበላቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጻ ፕሮግራሞችም ይህን ተደራቢ ይዘው ወጡ። ዋናው ፕሮግራም ከኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ግን ተደራቢው ባለበት ይቀር ነበር። በካሊፎርኒያ የሚኖሩት ፕሮግራም ሠሪ ስቲቭ ጊብሰን ይህን ነገር በገዛ ኮምፒዩተራቸው ላይ አግኝተው፣ በ2000 ኦፕትአውት የተባለ ማስወገጃ ጽፈው ለሕዝብ በነጻ ሰጡ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1999 ላቫሶፍት አድ-አዌር የተባለውን ማስወገጃ አውጥቶ ነበር፤ ጀርመናዊው ፓትሪክ ኮላም ስፓይቦት የተባለውን ጨመሩ። በኋላ ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት የማስወገጃ ሙያ የተጀመረው በነዚህ ጥቂት ሰዎች የግል ጥረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሌላው ወገን ግን ንግዱ ደርቶ ነበር። ጌተር የተባለው ፕሮግራም የይለፍ ቃሎችንና አድራሻን በየቅጹ ላይ በመሙላት ባለቤቱን ያገለግል ነበር፤ ለዚህ አገልግሎት ዋጋ ግን የሚጎበኙትን ገጾች እየተከታተለ ማስታወቂያ ይደቅን ነበር። በ2001 የወጣው ካዛ፣ ሙዚቃ ለመለዋወጥ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ወጣቶች የተጫነው ፕሮግራም፣ በርካታ ተደራቢዎችን ይዞ የሚገባ ነበር። ጌተር ክላሪያ ተብሎ ስሙን ከለወጠ በኋላ በ2004 አክሲዮን ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ እንደተገለጸው፣ ያለፈው ዓመት ገቢው 90 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ተጠቃሚዎቹም ወደ 43 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር።

እነዚህ ሰዎች በፈቃዳቸው ነው የተቀበሉት ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ በ2004 አሜሪካ ኦንላይን ከአንድ የኢንተርኔት ደኅንነት ማኅበር ጋር ሆኖ ያካሄደው ጥናት መልስ ይሰጣል። በ329 ቤቶች ከተመረመሩት ኮምፒዩተሮች መካከል 80 በመቶው የስለላና የማስታወቂያ ፕሮግራም ተገኝቶባቸዋል። ከነዚህ ኮምፒዩተሮች ባለቤቶች የሚበዙት ፕሮግራሙ በቤታቸው መኖሩን አያውቁም ነበር። «እስማማለሁ» የተባለበት ውል ረጅምና ለማንበብ አዳጋች በመሆኑ፣ ፈቃዱ በወረቀት ላይ እንጂ በሰውየው አእምሮ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው።

ሥር የመስደድ ዘዴ

ማስታወቂያ የሚከፈልበት ፕሮግራሙ በኮምፒዩተሩ ላይ በቆየበት ዘመን ልክ በመሆኑ፣ ሠሪዎቹ ድካማቸውን ያዋሉት ከማስገባቱ ይልቅ አለመውጣቱ ላይ ነበር። እንደ ሰርዶ ከላይ ቢታጨድም ከሥር የሚያቆጠቁጥ እንዲሆን አደረጉት። የተጠቀሙባቸው ዘዴዎች ከአራት ወገን ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው መነሻውን መያዝ ነው። ዊንዶውስ ሬጅስትሪ በሚባለው መዝገቡ ውስጥ፣ ኮምፒዩተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ያስቀምጣል። አድዌሩ ስሙን በዚያ ያስገባል፤ ባለቤቱ ፋይሉን በስሙ ፈልጎ እንዳያገኘው በየጊዜው በዘፈቀደ በተገጣጠሙ ፊደላት ይሰየማል። ከዚህም ሌላ በ1997 ማይክሮሶፍት ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሠራው ረዳት ክፍል መቀበያ ነበረ። ዓላማው ጠቃሚ ተጨማሪዎች ከብራውዘሩ ጋር እንዲሠሩ መፍቀድ ቢሆንም፣ በዚያ የገባ ማንኛውም ፕሮግራም ባለቤቱ የሚያየውን ሁሉ ያያል፣ ብራውዘሩ በተከፈተ ቁጥርም አብሮ ይነሣል።

ሁለተኛው ዘብ ማቆም ነው። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ እየሠሩ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ፤ አንዱ ሲገደል ሌላው በቅጽበት ያስነሣዋል። አንዱን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ሦስተኛው አቅጣጫ ማሳት ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሆስትስ የተባለ አነስተኛ ፋይል አለ፤ የገጾችን ስም ከአድራሻ ቁጥራቸው ጋር ያዛምዳል። አድዌሩ በዚህ ፋይል ላይ ሐሰተኛ አድራሻ በመጻፍ፣ ማስወገጃ ለማምጣት የሚሞክረውን ሰው ወደ ሌላ ቦታ ይመራዋል።

አራተኛው ራሱን ከጤናማው አካል ጋር መስፋት ነው። ኒው ዶት ኔት የተባለው ፕሮግራም መረጃ ከኮምፒዩተሩ ወደ ኢንተርኔት በሚተላለፍበት ሰንሰለት መካከል ገብቶ እንደ አንድ ቀለበት ይቀመጥ ነበር። አንድ ሰው ፋይሉን ያለ ጥንቃቄ ቢሰርዝ ሰንሰለቱ ይበጠስና ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል። ስለዚህ ሰንሰለቱን መልሶ የሚቀጥል ለብቻው የተሠራ መሣሪያ አስፈልጎ ነበር።

እነዚህ ዘዴዎች ሊሳኩ የቻሉት በዊንዶውስ አሠራር ምክንያት ጭምር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የቤት ተጠቃሚውን እንደተለመደው ሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሰጠው ነበር። ልጅ ጨዋታ ሲጭን የሚገባው ፕሮግራም የመላው ማሽን አዛዥ ሆኖ ይገባ ነበር ማለት ነው።

የማስወገድ ሥርዐት

በሜይ 2003 ኩልዌብሰርች የተባለ የአድዌር ቤተሰብ ብቅ አለ። የብራውዘሩን መነሻ ገጽ ይለውጣል፣ ፍለጋን ወደ ራሱ ይመራል፣ መስኮት ይከፍታል፤ አንዱ ዝርያ ሲጠና ሌላው በተለየ መደበቂያ ይመጣል። ይህንን ተከታትሎ ዝርያዎቹን አንድ በአንድ የመዘገበው ሜረን ቤለኮም የተባለ የሆላንድ ተማሪ ነው። እርሱም ለዚሁ ቤተሰብ ብቻ የሚሆን ማስወገጃና፣ ከዚያ ይልቅ ስመ ጥር የሆነውን ሃይጃክዚስ የተባለውን መመርመሪያ ሠራ።

የሃይጃክዚስ ጠባይ ከሌሎቹ ይለያል። ክፉውን ከደጉ ለይቶ አይፈርድም፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ሊጣበቅባቸው የሚችሉትን ቦታዎች ሁሉ ቆጥሮ በዝርዝር ያቀርባል እንጂ። ፍርዱ የሰው ነበር። በዚህም ምክንያት በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች የማያውቋቸውን ሰዎች ዝርዝር መስመር በመስመር እያነበቡ የትኛው እንደሚነቀል መንገር ጀመሩ። ጥቂት የተማሩት የተቀሩትን እያስተማሩ ሙያው ተስፋፋ።

ከዚህ ልምድ የወጣው የማስወገድ ሥርዐት ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። በቅድሚያ የግል ሰነዶች በሌላ ቦታ ይገለበጣሉ። ቀጥሎ የኢንተርኔት ገመዱ ይነቀላል፤ አለዚያ የተወገደው ከውጭ ተመልሶ ይወርዳል። ከዚያም በዊንዶውስ የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ባለቤቱ የማያውቃቸው በሥርዐቱ እንዲራገፉ ይደረጋል፤ ይህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሞከረው ከሰንሰለቱ ጋር የተሰፋው እንዳይበጠስ ነው። ቀጥሎ ማሽኑ ሴፍ ሞድ በሚባለው፣ የግድ አስፈላጊ የሆኑት ክፍሎች ብቻ በሚነሡበት ሁኔታ ይበራል። በዚህ ጊዜ የቆሙት ዘቦች አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ስለሚገኙ ማስወገጃው ያለ ተከላካይ ይሠራል። በአንድ ማስወገጃ የታለፈው በሌላው ስለሚያዝ፣ ምርመራው በሁለተኛ ማስወገጃ ይደገማል። ከዚያ በኋላ መነሻ ገጹ፣ ሆስትስ ፋይሉና የብራውዘሩ ተጨማሪዎች አንድ በአንድ ታይተው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በመጨረሻም ማሽኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ይበራል፤ እንግዳው ካልተመለሰ ሥራው ተጠናቀቀ፤ ከተመለሰ ግን ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ይመረጣል።

ከቅደም ተከተሉ አንዱን መዝለል ሙሉውን ያበላሸዋል። ብዙ ሰዎች ያላግባብ አዲስ ኮምፒዩተር የገዙት ቀድሞ የነበራቸው አርጅቶ ሳይሆን ይህን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው ባለማግኘታቸው ነው።

በኖርዊች ከተማ የደረሰው

አድዌር የሚያስከትለው ጉዳት የሥራ መጓተት ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ በአሜሪካ በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት በኖርዊች ከተማ የደረሰውን ሊመለከት ይገባል። በኦክቶበር 2004 በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት ተተኪ መምህርት በሰባተኛ ክፍል እያሉ፣ በክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ጸያፍ ሥዕሎች የሚታዩባቸው መስኮቶች ተከታትለው ይከፈቱ ጀመር። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይተካል፤ ልጆቹም አዩ። ኮምፒዩተሩ ዘመኑ ባለፈበት ዊንዶውስ 98 የሚሠራ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ የገጾች ማጣሪያም የአገልግሎት ፈቃዱ አልፎበት ነበር።

መምህርቷ ሆን ብለው ጸያፍ ገጾችን ከፍተዋል ተብለው ተከሰሱ። ዐቃቤ ሕግ ገጾቹ ሊከፈቱ የሚችሉት በሰው እጅ ነው ብሎ ተከራከረ፤ የፖሊሱ መርማሪም በማሽኑ ላይ አድዌር ይኑር አይኑር አላጣራም ነበር። በጃንዋሪ 2007 መምህርቷ በአራት ክሶች ጥፋተኛ ተባሉ፤ እስከ 40 ዓመት እስራት ሊፈረድባቸው የሚችልበት ደረጃም ደረሱ።

የፍርዱ ዜና ሲሰማ፣ አድዌር ሲያስወግዱ ዓመታት ያሳለፉ ባለሙያዎች በገዛ ፈቃዳቸው ተሰባስበው የዲስኩን ቅጂ መረመሩ፤ መስኮቶቹ ያለ ሰው ትእዛዝ ሊከፈቱ እንደሚችሉ የሚያስረዳ ጽሑፍም አቀረቡ። በጁን 2007 ዳኛዋ ውሳኔውን ሽረው ጉዳዩ እንደ አዲስ እንዲታይ አዘዙ። በኖቬምበር 2008 ክሱ ወደ ቀላል የደንብ መተላለፍ ወርዶ በ100 ዶላር መቀጫ ተዘጋ፤ መምህርቷ ግን የማስተማር ፈቃዳቸውን አጡ። አንድ መስኮት ማን ከፈተው የሚለው የጥገና ባለሙያ ጥያቄ፣ በዚህ ጉዳይ የአንድን ሰው ነጻነት የሚወስን ጥያቄ ሆኖ ተገኘ።

ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሲያመራ

ሕግ በዚህ መስክ የገባው ዘግይቶ ነው። በአፕሪል 2005 የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ኤልየት ስፒትዘር ኢንተርሚክስ ሚዲያ የተባለውን ኩባንያ ከሰሱ፤ ኩባንያው 7.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በኖቬምበር 2006 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዛንጎ ከተባለው ኩባንያ ጋር በ3 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አደረገ። ኮሚሽኑ እንዳለው የኩባንያው ፕሮግራሞች ከ70 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጭነው ከ6.9 ቢሊዮን የማያንሱ መስኮቶች ከፍተዋል። ከገንዘቡ ይልቅ ለመሐንዲስ ትርጉም ያለው በትእዛዙ ውስጥ የገባው ግዴታ ነው፤ ይኸውም ኩባንያው ፕሮግራሙን በቀላሉ ለማራገፍ የሚያስችል መንገድ እንዲያቀርብ መታዘዙ ነው። መውጫ በር መሥራት በዚህ ትእዛዝ ግዴታ ሆነ።

ቅጣቱ ግን ከትርፉ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መሆኑን የተናገሩ ነበሩ። በ2007 ዳይሬክት ሬቬኑ የተባለው ኩባንያ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሲወሰን፣ ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ ጆን ሊቦዊትዝ፣ ባለቤቶቹ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዘው መሄዳቸውን ጠቅሰው ተቃውሞአቸውን አስመዝግበዋል።

ከሁሉ የበለጠው ክርክር የመጣው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ዛንጎ፣ ፕሮግራሙን ጎጂ ብሎ የሚያግደውን የካስፐርስኪን ኩባንያ «ሕጋዊ ንግዴን አሰናከለ» ሲል በ2007 ከሰሰው። እንግዳው አስወጪውን ከሰሰ ማለት ነው። ክሱ ቢሰምር ኖሮ ማንኛውም ማስወገጃ ሠሪ አንድን ፕሮግራም ከመንካቱ በፊት ጠበቃ ማማከር ይኖርበት ነበር። በጁን 2009 የዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ተጠቃሚዎች አስከፊ የሆነን ነገር የሚያግዱበትን መሣሪያ የሚያቀርብ ሁሉ በ1996 በወጣው የመገናኛ ሕግ ከተጠያቂነት የተጠበቀ ነው ብሎ ወሰነ። ዛንጎ ራሱ ከሁለት ወራት በፊት ሥራውን ዘግቶ ነበር።

ሆኖም ይህ ጥበቃ ያለ ልክ አልቀረም። በ2019 ይኸው ፍርድ ቤት፣ ማልዌርባይትስ የተባለው ማስወገጃ ሠሪ የተፎካካሪውን የኢኒግማን ፕሮግራሞች አስጊ ብሎ በመፈረጁ በተነሣው ክርክር፣ ጥበቃው ተፎካካሪን ለመጉዳት ሲባል የሚደረግ እገዳን እንደማይሸፍን ገለጸ። አስወጪው የሚሠራው በባለቤቱ ስም እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው የሚል ትርጉም ያለው ውሳኔ ነው።

እንግዳው ቤቱ ሳይሸጥ ሲገባ

ከ2004 በኋላ የሥርዐተ ክወና ሠሪዎች ራሳቸው ኀላፊነቱን መውሰድ ጀመሩ። ማይክሮሶፍት በዲሴምበር 2004 ጃያንት የተባለውን የማስወገጃ ኩባንያ ገዝቶ ሥራውን በ2006 ዊንዶውስ ዲፌንደር ብሎ አወጣው። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ማንኛውም ፕሮግራም የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲሻ ባለቤቱን አስቀድሞ እንዲጠይቅ አደረገ። የቀድሞዎቹ ታላላቅ የአድዌር ኩባንያዎች አንድ በአንድ ከንግዱ ወጡ።

ችግሩ ግን መልኩን ለውጦ ተመለሰ። ከ2014 አጋማሽ በኋላ ሌኖቮ በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ የማስታወቂያ ፕሮግራም አስቀድሞ ጭኖ ይሸጥ ነበር። ፕሮግራሙ በምስጢር በተቆለፉ ገጾች ላይ ሳይቀር ማስታወቂያ ለማስገባት፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የራሱን የእምነት ማረጋገጫ ይተክል ነበር፤ የማረጋገጫውም ቁልፍ በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ነበር። ቁልፉ በፌብሩዋሪ 2015 በባለሙያዎች ተገልጦ ሲወጣ፣ ማንኛውም ክፉ አሳቢ ራሱን ባንክ አስመስሎ ማቅረብ እንደሚችል ታወቀ። ይባስ ብሎ ባለቤቱ ፕሮግራሙን ሲያራግፍ ማረጋገጫው ባለበት ይቀር ነበር። እንግዳው ወጥቶ የቤቱ ቁልፍ ግን በእጁ እንደቀረ ያህል ነው። ሌኖቮ በ2017 ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ከ32 ክፍለ ግዛቶች ጋር ባደረገው ስምምነት ለክፍለ ግዛቶቹ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

በ2015 ደግሞ ክሮም የተባለው ብራውዘር ገጾች በተዘጉም ጊዜ መልእክት የሚልኩበትን መንገድ ከፈተ። ለዜናና ለቀጠሮ የታሰበው ይህ አገልግሎት «ፍቀድ» የሚለውን አንድ ጊዜ ከነኩ በኋላ ማስታወቂያ የሚያዘንብ ሌላ በር ሆነ። እዚህ ላይ ፋይል መፈለግ ዋጋ የለውም፤ መድኃኒቱ በብራውዘሩ ቅንብር ውስጥ ገብቶ የተሰጠውን ፈቃድ መሻር ነው።

በ2019 የታወቀውና ኤክስሄልፐር የተባለው የአንድሮይድ ስልክ ፕሮግራም ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ግትር ሆኖ ተገኘ። ስልኩ እንደ ፋብሪካ አዲስ ተደርጎ ቢጠረግም ተመልሶ ይታይ ነበር። የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች በ2020 እንዳብራሩት፣ ትሪያዳ በተባለው ተባባሪው አማካይነት ባለቤቱ ሊደርስበት በማይችለው የሥርዐቱ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ያን ክፍል ለጽሑፍ የሚከፍተውንም ትእዛዝ ያጠፋል። ከማጽዳት ይልቅ የስልኩን ሥርዐት በሙሉ እንደገና መጫን ግድ ነበር።

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያንም የሚነካ ሆኗል። በኦገስት 2020 አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ እንዳስታወቀው፣ ዳብሊው 2 በተባሉ የቴክኖ ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር አስቀድመው ተጭነው ተገኝተዋል፤ ባለቤቱ ሳያውቅም ክፍያ ወዳለባቸው አገልግሎቶች ለመመዝገብ ይሞክሩ ነበር። ኩባንያው ከማርች 2019 ጀምሮ ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ጥያቄዎችን ማገዱን ገልጾ፣ ሙከራው ከታየባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን፣ ግብፅን፣ ካሜሩንን፣ ጋናንና ደቡብ አፍሪካን ጠቅሷል። የስልኮቹ አምራች ትራንሽን በበኩሉ ጉድለቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ ሌላ ድርጅት የመጣ መሆኑንና ማስተካከያ መላኩን አስታውቋል። በቤት ኮምፒዩተር ጊዜን ያባክን የነበረው እንግዳ፣ በዚህ ጊዜ በርካሽ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ በጥንቃቄ የተሞላውን የካርድ ሂሳብ ወደ መብላት ተሸጋገረ ማለት ነው።

ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ አንድ ነገር በተደጋጋሚ ያመለክታል። በየዘመኑ የመጡት በሮች፣ ማለትም መስኮት የሚከፍተው ትእዛዝ፣ የብራውዘሩ ረዳት ክፍል፣ የመልእክት ፈቃዱ፣ ሁሉም ለመልካም አገልግሎት በቅን ባለሙያዎች የተሠሩ ነበሩ። የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሲሠሩ መግቢያቸው ታስቦ መውጫቸው አልታሰበም። የመውጫውን ሥራ ከዓመታት በኋላ የሠሩት በጎ ፈቃደኞች፣ ተማሪዎችና ዳኞች ናቸው።

አንድ ሲቪል መሐንዲስ የሕንፃን መግቢያ ሲነድፍ የአደጋ መውጫውንም አብሮ ይነድፋል፤ ያለ መውጫ የቀረበ ንድፍም አይጸድቅም። የፕሮግራም ሥራም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። አንድ ፕሮግራም ሲጫን የጻፈውን ሁሉ መዝግቦ፣ ሲራገፍ ያንኑ መልሶ ማጥፋት አለበት፤ ባለቤቱም ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አይኖርበትም።

ለመሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተርና ስልክ የሚገዙ ባለሙያዎችም ይህን በተግባር ሊያውሉት የሚችሉበት ቦታ በእጃቸው ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ፣ አስቀድመው የተጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር እንዲቀርብና እያንዳንዱም ያለ ቅሪት የሚራገፍ እንዲሆን የሚያዝ አንድ አንቀጽ ቢገባ፣ በርክክብ ጊዜም ከቀረቡት መሣሪያዎች ጥቂቱ በናሙና ተወስደው ቢፈተሹ፣ በኋላ በየጠረጴዛው ላይ ቀናት የሚፈጀው የማጽዳት ሥራ በአብዛኛው ይቀራል።